የበረዶ መኪናዋ የት ዋለች?

የካቲት 15

ትናንት ውጫሌ ዋልን። ታናሽ ወንድሜ ሙነወር ለምክር ቤት በግሉ እንደሚወዳደር ሜዳው ላይ ቆሞ ለሕዝብ ተናገረ። ማይኩን ይዞ የመጀመሪያዋን ቃል ሁለት ጊዜ ደጋገማት። ልጅ ሆኖ ሼሁ ፊት ቁርአን ሲቀራም እንዲሁ ነበር፤ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። በኋላ ግን ድምፁ ተከፈተ። «እኔ የማንም ባለዕዳ አይደለሁም! ከነጋዴም ከባለሥልጣንም ቤሳ አልተቀበልኩም!» ሲል ሕዝቡ አገሩን በጩኸት አናወጠው። እኔም ሻሼ እስኪወልቅ ጮህኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ብጮህ ማን ይፈርድብኛል?

ዘንድሮ ረመዳንና ዓቢይ ጾም አብረው ስለገቡ በዚያ ፀሐይ ውሃ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከገጠር የመጣው ሰው ብዛት አስገርሞኛል። አጠገቤ የቆሙት ከአምባሰል ተራራ የወረዱ ገበሬዎች ጫማቸው ረጥቦ፣ ጋቢያቸው ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ተራራ ላይ ደግሞ ምን ዓሣ አለ ብዬ ባለቤቴን ሀሚዱን ብጠይቀው «አንቺ ሴትዮ፣ ጾም ላይ ሆነሽ የምታሸችው አጣሽ?» አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንገባ ሲያሾፍብኝ ነበር።

የካቲት 17

እትዬ አሰገደች ዓሣቸውን ቀበሩት። ቀበሩት! እንደ ሬሳ ጉድጓድ አስቆፍረው።

ከሥራ ስመለስ ሐይቁ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። እሳቸው ከአጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ተረክበው ለአክሲዮን ማህበራችን ያስረክባሉ፤ የማህበሩ የበረዶ መኪና ደግሞ ወደ ደሴ ይወስደዋል። መኪናዋ ቅዳሜ አልመጣችም፤ እሁድም አልመጣችም። በዓቢይ ጾም! ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚከራከረው ሰው ሁሉ ዓሣ በሚፈልግበት ወቅት! መጋዘን ጠባቂውን ቢጠይቁት «መኪናዋ ለምርጫ ሥራ ወጥታለች» ብሏቸዋል።

«ለየትኛው ዕጩ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እናት። ኸማን ጋር እንደዋለች ዓሣው አልነገረኝ።»

እኔ ግን አውቃለሁ። ለማን ይሆናል ታዲያ? ለትልቁ ዕጩ ነው እንጂ፣ በአጃቢ የሚሄደው፣ ፎቶው የመብራት እንጨቱን ሁሉ የሞላው። የደሃ ሴት ዓሣ ይሽተት፣ የሱ አጨብጫቢ በበረዶ መኪና ይጓጓዝ! ደሜ ፈልቶ ለአፍጥር የሠራሁት ሾርባ አረረብኝ።

የካቲት 20

አሥራ አራት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተማርኩ። «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ይሰበራል እንጂ ሌላ ነገር ሲከተል አላየሁም። አሁን ግን አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ። አባታችን ከማህበሩ መሥራቾች አንዱ ነበር፤ አክሲዮኑ እስካሁን ሳይከፋፈል በኔና በሙነወር ስም ይኖራል። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የመናገር መብት አለኝ።

እትዬ አሰገደችም ባለአክሲዮን ናቸው። አብረን ተቀምጠን ሐሳቡን አረቀቅን፦ ማህበሩ ለማንኛውም ፓርቲ ወይም ዕጩ የሰጠውን ሁሉ፣ ብር ቢሆን፣ መኪና ቢሆን፣ ነዳጅ ቢሆን፣ አዳራሽ ቢሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለባለአክሲዮኖች ይናገር። አትስጡ አላልንም። ንገሩን ነው ያልነው። የኛው ነገር አይደል?

ለእትዬ አሰገደች አነበብኩላቸውና «ይኸ ሁሉ የት ዋለች ለማለት ነው?» አሉኝ። ሳቅን።

የካቲት 26

ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢያድግልኝ ቢሮ። ሻይ አስመጣልኝና መጾሜ ትዝ ሲለው ብርጭቆውን ራሱ አንስቶ በር ላይ አኖረው። ጨዋ ሰው ነው፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ወይዘሮ ነጅዋ፣ በዚህ ነገር ከወንድምዎ ጋር ተማክረዋል?»

አሁን ይህ ጥያቄ ነው? ሴት ስለሆንኩ ከወንድ ፈቃድ ላመጣ ነው? «የራሴ አፍ አለኝ» ብዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሆኜም ብዙ ነገር አልኩት፤ እሱ አልሰማም እንጂ።

መጋቢት 3

ዛሬ ጭንቅላቴ ዞሯል።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን አስጠሩኝ። የቅሬያችንም የእድራችንም ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ ሙስሊም ይሙት ክርስቲያን፣ ሐይቅ ከተማ ላይ ያለ እሳቸው የሐዘን ድንኳን አይተከልም። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። እንደ አባት ነው የማያቸው።

«ልጄ፣ ሰደቃ የሰጠ ሰው ሰጠሁ ብሎ ያወራል? ያወራ እንደሁ ምንዳው ይቀራል። ማህበሩ ለማን ምን እንደሰጠ ካወራ ለይዩልኝ ሆነ። ይኸ ደግሞ ሐራም ነው።»

ምን ልበላቸው? እውነት ነው ያሉት። ቤቴ ስመለስ እትዬ አሰገደች የንስሐ አባታቸውም ያንኑ እንዳሏቸው ነገሩኝ፦ ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ። ሐጂውም ቄሱም ከተስማሙ እኔ ማን ነኝ?

ግን ደግሞ በዚያው በሐጂ ቅሬ፣ ለሐዘን ቤት እንጨት ያመጣው፣ ዳቦ ያመጣው፣ ባዶ እጁን የመጣው ሁሉ በስሙ እየተጠራ በሰው ፊት ይነገር የለም? ያ ለምን ይዩልኝ አልሆነም? ይህን ሳስብ አመሸሁ። አንዱ ልክ ከሆነ ሌላው ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ልክ ይመስሉኛል።

እትዬ አሰገደችን ጠየቅኳቸው። ዓሣ እየገፈፉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱልኝ። «ሰደቃ ለደሃ ነው። ዕጩ ደሃ ነው? ለደሃ የሰጠ ሰው ኸደሃው የሚፈልገው የለም። ቢያድግልኝ መኪናዋን ሲሰጥ ምንም አልፈለገም ብለሽ ነው?»

አላልኩም። ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን ደግሞ ተመልሶ ጠፋብኝ።

መጋቢት 5

ፈተና ማረም። ግማሹ ክፍል «ሕገ መንግሥት» መጻፍ አይችልም። የደገፉን ባለአክሲዮኖች በዝተዋል፤ አጀንዳው ይያዛል ተብለናል። አልሐምዱሊላህ። ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም።

መጋቢት 11

ዒድ። ሙነወር ከነሚስቱ ከነልጆቹ መጣ። ቤቱ ሞቀ። ስለ ጉባኤው ሐሳብ አልነገርኩትም ነበርና ምሳ ላይ እየተኩራራሁ ነገርኩት፤ ከሱ ንግግር ጋር የሚሄድ መስሎኝ። ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አኖረው።

«ጥሩ ነው» አለ። እንደገናም «ጥሩ ነው፣ እታለም» አለኝ።

«ምነው? ምግቡ አልጣመህም?»

«ከምርጫው በኋላ ብታደርጉትስ?»

«ዓሣው የተበላሸው ከምርጫው በፊት ነው» አልኩት። ሀሚዱ ሳቀ፤ ሙነወር አልሳቀም። ሲሄድ በር ላይ ወደኋላ ቀርቶ መኪናዋ የት እንደዋለች ታውቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ገና ነው» አልኩት። ሲበዛ ደክሟል። ሠላሳ ቀን ጾሞ፣ ቀን ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ውሎ፣ ሰው እንዴት አይደክመው? ሚስቱን በደንብ አብይው አልኳት።

መጋቢት 14

ሀሚዱ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ከበረዶ መኪናዋ ሹፌር ጋር ተገናኘ። ያን ቅዳሜ የት ዋልክ ቢለው «ምን ባክህ፣ አምባሰል ሰው ስጭን ሳወርድ ዋልኩ፤ በረዶው ሳይራገፍ ሰዉን ጫን አሉኝ» አለው። ሀሚዱ ይህን ነግሮኝ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

«አምባሰል ሰፊ ነው» አልኩት።

«ሰፊ ነው» አለኝ።

ያኛውም ዕጩ አምባሰል ይሄዳል እኮ። ያን ቅዳሜም ሄዶ ይሆናል። አልሄደም ያለ ሰው አለ?

መጋቢት 22

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሰው ዓሣ ዓሣ የሚሸትበት ብዙ ምክንያት አለ። ጾም ነው፤ የሚበላ ይበላል። ጫማስ ቢሆን፣ ወንዝ ተሻግረው መጥተው ይሆናል። በየካቲት የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ አትጠይቁኝ።

ደግሞስ ቢሆን? ብር አይደለም። መኪና ነው። ሰው ጎረቤቱን በመኪናው ሸኘው ተብሎ ይከሰሳል?

ይህን ጽፌ አነበብኩት። ተማሪዬ ቢጽፈው ዜሮ እሰጠው ነበር።

ሚያዝያ 5

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዛሬ እንኳን አደረሰዎ ልል እትዬ አሰገደች ቤት ሄድኩ። የሙስሊም ሥጋ ሙስሊም ጎረቤታቸው ቤት አሳርደው ለብቻ አሠርተው ጠበቁኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። በልቼ ስጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ነጅዋዬ፣ ያን ነገር ብንተወውስ?»

ክው አልኩ። «እርስዎ? ዓሣዎን ቀብረው?»

«ዓሣ እኮ ነው። ነገም ይያዛል። ወንድም ግን...» ብለው ሳህኑን አነሱና ወደ ጓዳ ገቡ።

ወንድም ግን ምን? ተናድጄ ወጣሁ። እኔን ለማስፈራራት የላካቸው ሰው አለ አልኩ፤ ቢያድግልኝ ይሆናል። መንገዱን ጨርሼ ነው ደግሞ እሳቸው በማንም የማይላኩ ሰው መሆናቸው ትዝ ያለኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሉት ለኔ አዝነው ነው? እኔ ምን ሆኜ ነው የሚታዘንልኝ?

ሚያዝያ 12

ክፍል ውስጥ። ከኋላ የምትቀመጠዋ ስህን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኩባንያ መምረጥ ይችላል?»

«አይችልም። ድምፅ ያለው ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ካልመረጠ ለዕጩ ለምን ይሰጣል?»

ደወል ተደወለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። አስተማሪ ሆኜ ደወል ያዳነኝ ዛሬ ነው።

ሚያዝያ 19

ሙነወር ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ዝናብ ጣለ ወይ ተባባልን፤ የልጁን ትኩሳት ጠየቅኩት፤ የእናታችን መቃብር አጥር እንደወደቀ ነገረኝ። ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ያን ቅዳሜ ሰዎቹን ማን አመጣቸው?» ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አልወጣችም።

ሊዘጋ ሲል «እሁድ ጉባኤው ላይ እመጣለሁ፤ የምናገረው ነገር አለኝ» አለ።

ምን ሊናገር ነው? በሰው ፊት ሊቃወመኝ? እህቴ ፖለቲካ አታውቅም ሊል? ወይስ ሊለምነኝ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዓይኑን እያየሁ «አንብቡት፣ ዘርዝሩት» ልል ነው? «ቤሳ አልተቀበልኩም» ያለ ልጅ ነው። ምርጫው በሰኔ ነው። ስሙ ከጠፋ በኋላ ለማን ነው የሚቆመው? ለኔም ለሐሳቤም አዝኛለሁ፤ ለሱ ግን አብልጬ አዘንኩ።

ያረቢ፣ አንተው አግራው፣ አቅልለው።

ሚያዝያ 25

ቀኑን እንዳለ ልጻፈው፤ ነገ ሌላ ታሪክ ሳላደርገው።

አዳራሹ ሞልቷል። አጥማጆቹ በአንድ ወገን፣ ነጋዴዎቹ በሌላ ወገን። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ዱዓ አደረጉ፤ ከሐይቁ ገዳም የመጡት አባት ደግሞ ጸሎት። ቢያድግልኝ የሥራ ሪፖርት አነበበ። ማህበሩ ውጫሌ ላይ ለአትክልት መጋዘን የሚሆን ቦታ ጠይቆ ምላሽ እየጠበቀ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። ሙነወር መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ። እትዬ አሰገደች አጠገቤ።

የኛ አጀንዳ ደረሰ። ሐሳቡን አነበብኩ። ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ አጥማጅ «ንገሩን ነው እንጂ አትስጡ አላሉም፣ ምን ያስፈራል?» አለ። ያኔ ቢያድግልኝ ተነስቶ በዚያ ጨዋ ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማህበሩ ይቀበለዋል። ግን ያለፈውን ከምንቆፍር ከመጪው ዓመት ይጀምር። ሐሳቡን ያቀረቡት ወይዘሮ ነጅዋ ከተስማሙ ድምፅ መስጠትም አያስፈልግ።» እና ወደኔ ዞረ። አዳራሹም ወደኔ ዞረ።

ወደኋላ አየሁ። ሙነወር ተነስቶ ቆሟል። አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ዕድል የሚጠይቅ ሰው ይመስላል። ሊቃወመኝ ነው፣ ራሱን ሊያዋርድ ነው፣ ሊወድቅብኝ ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ። ሳይቀድመኝ ቀደምኩት።

«እስማማለሁ» አልኩ። «ከመጪው ዓመት ይሁን።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሐጂ «አላህ ይባርክሽ፣ የአባትሽ ልጅ» አሉኝ። ሙነወር እጁን አወረደና ተቀመጠ። እትዬ አሰገደች አላጨበጨቡም፤ ክፉም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሌላው አጀንዳ ሳይጀመር ወጡ።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ እኔና ሙነወር በሐይቁ ዳር ወደ መናኸሪያው ተጓዝን። 

«እኔ ልናገር ነበር የመጣሁት፣ እታለም» አለኝ።

«ምኑን?»

«መኪናዋን። ቢያድግልኝ ሰው ላምጣልህ ሲለኝ እሺ አልኩ። መኪና ነው፣ ብር አይደለም ብዬ። ብር ቢሆን እጁን እመልስለት ነበር፣ ወላሂ። ለካ ያ ሁሉ ዓሣ...» አንገቱን ደፋ። «ዛሬ በሰው ፊት ልናገር፣ የፈለገ ይምረጠኝ ያልፈለገ ይተወኝ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አደርኩ። አንቺ ቀደምሽኝ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥክ? ከኔ በኋላስ አትናገርም ነበር?»

ወደ ሐይቁ ዞሮ «ሰው ሁሉ አጨበጨበ እኮ» አለ።

እውነቱን ይሆን? ሊናገር ነበር? ወይስ አሁን፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ነው የደፈረው? ፊቱን አየሁት፤ ያሳደግኩት ፊት ነው፤ ማንበብ አቃተኝ። ካዳንኩት ከምን እንዳዳንኩት አላወቅኩም። መጥፎ ነገር ካደረግሁም በማን ላይ እንዳደረግሁ አላወቅኩም። ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ግንባሬን ሳመኝ። በጣም አዘንኩ።

ሚያዝያ 27

ትምህርት ቤት። መምህራኑ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። አንዱማ «ሐይቅ ላይ ታሪክ ሠራሽ» ብሎኛል። አመሰገንኩት። ክፍል ገብቼ የዕለቱን ርዕስ ጻፍኩና ስህን ወደተቀመጠችበት ሳላይ አስተማርኩ።

ሙነወር ትናንት ውጫሌ ላይ እንደገና ተናግሯል አሉ። «የማንም ባለዕዳ አይደለሁም» ብሎ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

ግንቦት 2

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የማህበሩ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ነው፤ በሳጥን በበረዶ የተሸፈነ ቆሮሶ ይዞ። «አቶ ቢያድግልኝ ሰላም በላቸው ብለውኛል» ብሎ ወለሉ ላይ አኑሮት ሄደ። መልሰህ ውሰደው ልለው ነበር፤ ግን ባጃጁ ተነስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልሮጥኩም። ልጆቼ ሳጥኑን ከብበው በረዶውን እየነኩ ይስቃሉ። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ዓሣ ደግሞ ለነገ አይደርስም፤ ስለዚህ ጠበስኩት።

ሽታው ሰፈሩን ሲሞላ እትዬ አሰገደች ብቅ አሉ። ከጉባኤው ወዲህ ቤቴ ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልታረቃቸው ሙሉ ሳምንት ቃል ስፈልግ ከርሜያለሁ። ደስ ብሎኝ ይግቡ፣ ይቀመጡ አልኳቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ ምጣዱን አዩት፤ ሳጥኑን አዩት። ሐይቁ ዳር የሚሸጥ ዓሣ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው፤ እኔም ሃያ ዓመት ዓሣ የገዛሁት ከእሳቸው ብቻ ነው።

«ዓሣው ኸየት ነው፣ ነጅዋዬ?»

«ገዛሁት» አልኳቸው።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ሳይቀመጡ ሄዱ።